የውሃ ቁንጫ ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ ውሃውን አሳዩኝ

አስተባባሪ፦ ሰላም የድሬና የሐረር ላብ ሰዎች። ዛሬ ማታ እትዬ ስለ 48 ሰዓቱ የዳፍኒያ፣ ማለትም የውሃ ቁንጫ፣ ምርመራ ጥያቄ ይቀበላሉ። ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ፦ አንድ ኬሚካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንንሾቹን ፍጥረታት በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደሚጎዳ የምናይበት ዘዴ ነው። የውሃ ቁንጫዎቹን በተለያየ መጠን ኬሚካል ውስጥ እናስገባለን። በ24 እና በ48 ሰዓት ስንቶቹ መዋኘት እንዳቆሙ እንቆጥራለን። ግማሾቹን የሚያስቆመው መጠን ኢሲ 50 ይባላል። የምንከተለው የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) መመሪያ ቁጥር 202 ነው።

እትዬ፦ እንዴት አመሻችሁ። መመሪያውን ያላነበበ ሰውም ይጠይቅ፣ አይከለከልም። ደስ ብሎኝ እንደምመልስ ግን አትጠብቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኬሚካል የሌለበት ቢከር፣ ማለትም ኮንትሮሉ ውስጥ፣ ከ10 በመቶ በላይ መዋኘት ካቆሙ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ይጣላል። ቀጥሉ።

ተማሪዋ፦ እትዬ ሰላም ነዎት? ለአንድ ኬሚካል ስንት ዳፍኒያ ይበቃኛል? ዕድሜያቸውስ?

እትዬ፦ ሰላም ልጄ። ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ 20። አምስት አምስት አድርገሽ በአራት ቢከር። መጠኖቹ ከአምስት አይነሱ። ኮንትሮሉ ሲጨመር 120 ጨቅላ ያስፈልግሻል። አንዱ መጠን ከሌላው ከ2.2 እጥፍ በላይ ባይራራቅ ይመረጣል። ለእያንዳንዷ ቢያንስ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ። ዕድሜ ከ24 ሰዓት በታች። ማታ እናቶቹን ከልጆቻቸው ለይተሽ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድሪ። ጠዋት የምታገኚያቸው ሁሉ ዕድሜያቸው የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ወሊድ ልጆችን ግን ለምርመራ አትውሰጂ።

የሳቢያን ልጅ፦ እትዬ፣ እኔ በድሬ ቧንቧ ውሃ ነው የማረባቸው። ክሎሪኑን አየር ነፍቼ አስወጣለሁ። ሰላም ናቸው፣ ይወልዳሉ። ለምን ምርመራውንም በሱ አልሠራም?

እትዬ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተደላድላችሁ ተቀመጡ።

ድሬ ውስጥ ሻይ ያፈላ ሰው የማንቆርቆሪያውን ሆድ ያውቀዋል። ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ያ ቅርፊት ውሃው ከመሬት በታች በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይዞት የመጣው ነው። ዳፍኒያ ማግና፣ ለምርመራ የምንጠቀምባት ዝርያ፣ እንዲህ ያለ ውሃ አትጠላም። ልብሷን፣ ማለትም ቅርፊቷን፣ ለመሥራት ካልሲየም ትፈልጋለች፣ እያደገች በሄደች ቁጥር አሮጌውን አውልቃ አዲስ ትለብሳለች። ስለዚህ ሰላም ናቸው ስትል አምንሃለሁ።

ጣጣው የሚመጣው መዳብ ወይም ዚንክ ስትፈትን ነው። ካልሲየሙ ከመዳቡ ወይም ከዚንኩ ጋር ይሻማል፣ እነሱ ወደ እንስሳዋ አካል የሚገቡበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝባቸዋል። ያው መዳብ በለስላሳ ውሃ ቢሆን ያስቆማት ነበር፣ በድሬ ውሃ ግን ስትዋኝ ታያታለህ። ከዚያ ሪፖርትህ ላይ «ጉዳት የለውም» ትጽፋለህ። ያንን ሪፖርት ይዞ ሌላ ሰው ፍሳሹን ለስላሳ ውሃ ያለበት ወንዝ ላይ ይለቀዋል። ደግሞ ቧንቧው ዛሬና ከወር በኋላ አንድ አይደለም። የትኛው ጉድጓድ እንደተከፈተ ማን ይነግርሃል? ክሎሪኑን የጨመረውስ እጁ ስንት ነበር?

ስለዚህ ውሃችሁን ራሳችሁ ሥሩ። አራት ጨው ነው፣ ከዚህ በላይ አይደለም። ካልሲየም ክሎራይድ ባለሁለት ውሃውን (ዳይሃይድሬት) 11.76 ግራም በአንድ ሊትር። ማግኒዥየም ሰልፌት ባለሰባት ውሃውን (ሄፕታሃይድሬት) 4.93 ግራም በሌላ ሊትር። ሶዲየም ባይካርቦኔት 2.59 ግራም። ፖታሲየም ክሎራይድ 0.23 ግራም። አራት ጠርሙስ ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሊትር ትወስዱና በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አንድ ሊትር ትሞላላችሁ። ሃርድነሱ፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዥየም ልኩ፣ 250 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ይወጣል፣ ለማግና ከሚመከረው ከ140 እስከ 250 ውስጥ ነው። ይሄም ካልሲየም አለው፣ ልኩ ግን የታወቀና ሁልጊዜ አንድ ነው። ከዚያ አየር ንፉበት፣ ኦክስጅን ይጥገብ። እንስሳዎቹም ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ከዚያው ውሃ ጋር ይላመዱ። ከቧንቧ ውሃ አውጥታችሁ በቀጥታ እንዳትከቷቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤም 4 ወይም ኤም 7 የሚባለውን የማርቢያ ውሃ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ውስጡ ኢዲቲኤ አለ። ኢዲቲኤ እንደ መዳብና ዚንክ ያለ ብረትን ጠፍሮ ይይዛል። ለማርቢያ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ብረት ለመፈተን ግን አይሆንም።

ፒፔት፦ እኔ ለተጣራ ውሃ የባትሪ ውሃ ከነዳጅ ማደያ ነው የምገዛው። ርካሽ ነው።

የከዚራ ጥላ፦ ዋሪያ! የባትሪ ውሃ? አሲዱን ገዝተህ እንዳይሆን።

ፒፔት፦ አሲዱ ሌላ ነው አቦ። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

የከዚራ ጥላ፦ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ታምናለህ ማለት ነው። ገበያ ሄደህ አታውቅም።

ፒፔት፦ አንተ ዲስቲለርህን ስትጠርግ አይቼህ አላውቅም።

እትዬ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ውሃው ውስጥ የቀረ ጨው መኖሩን የሚያሳየውን ኮንዳክቲቪቲ ሜትር አምጡና ለኩ። ከ10 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ካልበለጠ ይሁን። ከበለጠ ባትሪያችሁን ሙሉበት።

የጀጎል ልጅ፦ እኛ ሐረር ጋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ውሃችን ጥሩ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ወላሂ ሳቄ መጣ! የናንተ ውሃ እኮ ከድሬ በኩል ካለ ጉድጓድ ተገፍቶ ዳገት ወጥቶ ነው የሚደርሳችሁ።

የጀጎል ልጅ፦ ሐረማያ እያለ ማንም አልለመንንም።

አወዳይ ማዶ፦ ሐረማያን ያደረቀው ማን ሆነና? የከተማው ፓምፕ አይደለም?

የጀጎል ልጅ፦ የጫት ማሳውን ሲያጠጣ የከረመው ፓምፕስ የማን ነው?

አወዳይ ማዶ፦ ገበሬው ምን ይብላ ታዲያ?

አስተባባሪ፦ ኧረ ወደ ርዕሱ!

እትዬ፦ ሐይቁ ሁለታችሁም ጠጥታችሁት ደረቀ፣ አሁን ደግሞ ውሃ ይዟል፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። ሐረሮች የምትኮሩበት ነገር ከፈለጋችሁ አየራችሁ ነው። ምርመራው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከዚያም ውስጥ አንዱን መርጦ ከአንድ ዲግሪ በላይ ከፍ ዝቅ ሳይል። ሐረር ላይ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል ብዙ ያግዛችኋል። ድሬ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ አይታሰብም። ቢከሮቹን ሰፊ ትሪ ላይ ውሃ ውስጥ አቁሟቸው፣ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ቶሎ አይዘልም። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ 29 ደርሶ ጠዋት 21 ስላገኛችሁት ብቻ «21 ነበር» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

አዲስ ገቢ፦ ዳፍኒያዎቼ ሞቱብኝ። ምን ይሻላል?

እትዬ፦ የት? ማርቢያው ውስጥ ነው ምርመራው ላይ? በምን ውሃ? በስንት ሰዓት? ኮንትሮሉም ጭምር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ተማሪዋ፦ እትዬ 48 ሰዓት ሙሉ ምንም አይበሉም?

እትዬ፦ አይበሉም። አልጌ ከጨመርሽ ኬሚካሉ አልጌው ላይ ይለጠፋል፣ አንቺ የቀመርሽው መጠን ውሃው ውስጥ አይገኝም። ኦክስጅኑንም ይበላዋል። አየርም አይነፋም። ምግብ የለም፣ አየር የለም። 48 ሰዓት ይችሉታል። መጨረሻ ላይ ኦክስጅኑን ለኪ፣ ከ3 ሚሊግራም በሊትር ከወረደ ምርመራው ዋጋ የለውም። ማርቢያ ውስጥ ግን አጥግቢያቸው፣ አረንጓዴ አልጌ፣ ክሎሬላ። ካራብሻቸው ወይም ካጨናነቅሻቸው ወንዶች መውለድ ይጀምራሉ። የአንዳንዶቹ ጀርባ ላይም ጥቁር ኮርቻ የመሰለ ነገር ታያለሽ፣ ክፉ ቀን የሚያሳልፍ እንቁላል ነው። ኮርቻ ካየሽ ከዚያ ማርቢያ ለምርመራ አንድም አትውሰጂ።

የከዚራ ጥላ፦ «መዋኘት አቆመች» የሚባለው መቼ ነው? እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቁጥራችን ሁልጊዜ ይለያያል።

እትዬ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ቢከሩን ያዝና በቀስታ አዟዙረው። አታናውጠው። ከዚያ 15 ሰከንድ ቁጠር፣ በሰዓት እንጂ በግምት አይደለም። በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልዋኘች ቆማለች ብለህ ጻፍ። አንቴናዋ ቢንቀጠቀጥም፣ ልቧ ስትመታ በማጉያ ብታያትም፣ ካልዋኘች ቆማለች። ሰው እዚህ ላይ ያዝንላታል። «ትንሽ ተንቀሳቀሰች» እያለ በሕያው ይቆጥራታል። ባልደረባህ አዛኝ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ላይ የተንሳፈፉትን አስተውል። ጨቅላዋን ስታስገባ ፒፔቱ አፈ ሰፊ ይሁን፣ ጫፉን ውሃው ውስጥ ዝቅ አድርገህ ልቀቃት። ከላይ ካንጠባጠብካት አየር ከቅርፊቷ ሥር ይገባል፣ ገጹ ላይ ትለጠፋለች፣ እግሯ ይርገበገባል ግን አትወርድም። ያቺን ኬሚካሉ ነው ያስቆማት ብለህ ልትጽፍ ነው። ከላዩዋ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግባት፣ ትሰጥማለች፣ መዋኘት ትጀምራለች።

አወዳይ ማዶ፦ እትዬ፣ ጫት ላይ የሚረጨውን መድኃኒት በዳፍኒያ ብንፈትን የሚቃመው ጫት ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ያሳየናል?

እትዬ፦ አያሳይም።

አወዳይ ማዶ፦ ለምን?

እትዬ፦ ዳፍኒያ ስለ ሰው ሆድ አትመሰክርም። ማላታይንን የመሰሉ መድኃኒቶች የነርቭ ኢንዛይም ነው የሚያግዱት፣ እሷ በሊትር በማይክሮግራም ደረጃ ትቆማለች። ቅጠሉን ዘፍዝፈህ ውሃው ውስጥ ብትከታት ልትቆም ትችላለች። ከመድኃኒቱ ይሁን ከቅጠሉ ራሱ ከምን ታውቃለህ? ቅጠል ላይ የቀረውን መጠን ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል የላብራቶሪ መለኪያ ነው የሚለኩት። ማሳው አጠገብ ያለው ምንጭ ውስጥ የሚወርደውስ ብለህ ብትጠይቀኝ ግን እሱ የዳፍኒያ ጥያቄ ነው።

የጀጎል ልጅ፦ ታጥቦ ይቃማላ፣ ችግሩ ምንድነው?

አወዳይ ማዶ፦ ማን ነው የሚያጥበው? አንተ ታጥባለህ?

አስተባባሪ፦ የጫቱ ክርክር ይብቃ!

ፒፔት፦ የፕላስቲክ ስኒ መጠቀም ይቻላል?

እትዬ፦ ፓይረትሮይድ የሚባለው የተባይ መድኃኒት ከሆነ አይቻልም። ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። ብርጭቆ ተጠቀም።

የሳቢያን ልጅ፦ የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ልፈትን ነው። ቀለም አለው፣ ፒኤቹም (የአሲድና የአልካሊ ልኩ) ከፍ ያለ ነው። አስተካክዬ ነው ወይስ እንዳለ?

እትዬ፦ በመቶኛ አቅጥነው፣ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6.25። ፒኤቹ ከ6 እስከ 9 ውስጥ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ሥራው፣ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን አስተካክለህ። እንዳለ አስቁሟቸው ሲስተካከል ካላስቆማቸው ገዳዩ አልካሊው ነበር፣ ቀለሙ አይደለም። ለፋብሪካው ይህ ብዙ ገንዘብ ነው፣ የሚያስፈልገው ማስተካከያ አሲድ ይሆናል እንጂ አዲስ ቀለም አይደለም። ኮንትሮሉን እንዳትረሳ።

ሌላ አዲስ ገቢ፦ የኔም ዳፍኒያዎች ሞቱ። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ከላይ አንብብ።

ተማሪዋ፦ ኢሲ 50ን በየትኛው ሶፍትዌር ላስላ?

እትዬ፦ ፕሮቢት የሚባለውን ስሌት የሚሠራ ማንኛውም ይሆናል። ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ሰው ጠይቂ። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አንዱ መጠን ላይ ማንም ካልቆመ ቀጣዩ ላይ ሁሉም ከቆሙ፣ ሶፍትዌሩ የማይረባ ቁጥር ይሰጥሻል። ያን ጊዜ ሁለቱን አባዝተሽ ካሬ ሩቱን ውሰጂ፣ ግምት መሆኑን ጻፊ።

የከዚራ ጥላ፦ ቁጥሩ ከመጣ በኋላ «መርዛማ ነው» ለማለት መስመሩ የት ነው?

እትዬ፦ በዓለም አቀፉ የኬሚካል ምደባ ለአጭር ጊዜ ጉዳት ከ1 ሚሊግራም በሊትር የማይበልጥ ምድብ 1፣ ከዚያ እስከ 10 ምድብ 2፣ እስከ 100 ምድብ 3 ነው። ኬሚካሉ ደካማ ይመስላል ካልክ 100 ላይ ብቻ በ20 እንስሳና በኮንትሮል ፈትነው።

የጀጎል ልጅ፦ ከሐረማያ የያዝኳቸውን ቁንጫዎች ብጠቀምስ?

እትዬ፦ ዝርያቸው ምንድነው? ከየት ማሳ የወረደ መድኃኒት ሲጠጡ ነበር? ይህን ካላወቅህ አይሆንም። ማርባት ከፈለግህ ከአንዲት እናት ጀምር፣ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ልጆቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ብዙ ትውልድ ከቆዩ በኋላ በዳይክሮሜት ፈትናቸው።

ፒፔት፦ ዳይክሮሜቱ ለምን ነው?

እትዬ፦ እንስሳዎቹ ጤነኛ መሆናቸውን ለማወቅ ነው። ፖታሲየም ዳይክሮሜት በ24 ሰዓት ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም በሊትር ላይ ግማሾቹን ማስቆም አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ደክመዋል። በላይ ከሆነ ወይ ውሃህ ወይ ሚዛንህ ችግር አለበት። አንድ ጊዜ ፈትኖ መርሳት የለም፣ በየጊዜው ይደገማል።

ፒፔት፦ ሲጨርስ ሲንክ ላይ ነው የሚደፋው?

እትዬ፦ በፍጹም! ባለስድስት ክሮም ነው፣ ካንሰር ያመጣል። ቢጫውን ሁሉ ክዳን ባለው ጠርሙስ አጠራቅሙ። «ክሮም» ብላችሁ ጻፉበት፣ ቀኑንም። ያለ ጓንት አትንኩት። የመርዝ ቆሻሻ የሚረከብ እስኪገኝ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ፒፔት፦ እስካሁን የደፋሁትስ?

እትዬ፦ ስንት ሊትር? በምን ያህል መጠን? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አሁኑኑ።