የማያምኑ ሰዎች የጻፉትን ባነብ ኃጢአት ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ በሥራ ቦታዬ ከማያምኑ ባልደረቦች ጋር በየዕለቱ እነጋገራለሁ። የሚያነሡትን ክርክር ከምንጩ ለመረዳት ስለ ጥርጣሬና ስለ ኢ-አማኒነት የተጻፉ፣ ሳያሰለቹ የሚነበቡ መጻሕፍትን መፈለግ ጀመርሁ። አንዱን ሳነብ ግን መልስ ያጣሁለት ክርክር ገጠመኝና «እምነቴ ሐሰት ነበር ማለት ነው?» ብዬ ደነገጥሁ። ማንበቤ ኃጢአት ነውን? ካልሆነስ የትኛውን፣ እንዴት ላንብብ? ለንስሐ አባቴስ መንገር አለብኝን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ማንበብሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሙሴ የግብፆችን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ ሲናገር ነቀፌታ አልጨመረበትም (ሐዋ. 7፥22)። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የተከራከሩትን ፈላስፎች ሲያስተምር የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። እኔን ያሳሰበኝ ድንጋጤሽ ነው።

ይህ ድንጋጤ በብዙ ወጣቶች ዘንድ ያጋጥመኛል፤ ሥሩም አንድ ነው። «እኔ መልሱን አላውቀውም» ከሚለው ተነሥተው «መልስ የለውም» ወደሚለው ይዘላሉ። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ርቀት አለ። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት።

ጆን ማኪ የተባለ የማያምን ፈላስፋ በ1955 (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ነው፤ ፍጹም ቸር ነው፤ ክፋትም በዓለም አለ፤ ሦስቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። «የሰው ነጻ ፈቃድ ነው» ለሚሉትም፣ ሁልጊዜ በነጻ ፈቃዳቸው መልካሙን ብቻ የሚመርጡ ሰዎችን ለምን አልፈጠረም? ሲል ጠየቀ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ያኔ ያነበበ አማኝ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። አልቪን ፕላንቲንጋ የተባለ ክርስቲያን ፈላስፋ በ1974 ባወጣው ሥራ የሰጠው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፍጡር በእውነት ነጻ ከሆነ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ነጻ ፍጡራን ያሉበት፣ ክፋት ግን ከቶ የሌለበት ዓለም እንዲኖር የፍጡራኑም ምርጫ ያስፈልግ ይሆናል። ክሱ «ፈጽሞ አይቻልም» የሚል ነበርና፣ ለማፍረስ «ሊሆን ይችላል» ማለት ይበቃል። ማኪም ከሞተ በኋላ በ1982 በታተመው መጽሐፉ፣ የክፋት ጥያቄ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ትምህርቶች እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ እንደማያሳይ አመነ፤ በአለማመኑ ግን ጸንቶ ነበር። ልብ በዪ፤ በክሱና በዚህ መልስ መካከል 19 ዓመታት አሉ። አንቺ ግን ምዕራፉን ባነበብሽበት ሌሊት መልሱ ካልመጣልሽ ሃይማኖቴ ወደቀ ትያለሽ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ1979 ዊልያም ሮው የተባለ ሌላ የማያምን ፈላስፋ ጥያቄውን በሌላ መልክ አመጣው። በሩቅ ጫካ እሳት ተነሥቶ አንዲት የአጋዘን ግልገል ተቃጠለች፤ ማንም ሳያያት ለቀናት ተሠቃይታ ሞተች፤ ይህ ሥቃይ ለምን በጎ ነገር ጠቀመ? ሮው «ይጋጫል» አላለም፤ ቸር አምላክ አለ ማለትን ያዳክማል አለ። ለዚህ የሁለት መስመር መልስ አልሰጥሽም። መጽሐፈ ኢዮብም አልሰጠም። እግዚአብሔር ለኢዮብ ሲናገር የመከራውን ምክንያት አልዘረዘረለትም፤ የበረሓ ፍየል የምትወልድበትን፣ ዋላ የምታምጥበትን ጊዜ ታውቃለህን? ብሎ ጠየቀው (ኢዮ. 39፥1)። ሰው ያላየውን የዱር እንስሳ ምጥ እርሱ ያያል። ይህ ለሮው ማስረጃ አይሆነውም፤ ለእኛ ግን ጥያቄውን ይዘን የምንቆምበትን ስፍራ ያሳየናል። ደግሞም በመጨረሻ የተገሠጹት እግዚአብሔርን በማይረባ ቃል የተከላከሉት ወዳጆቹ እንጂ ጮኾ የጠየቀው ኢዮብ አልነበረም (ኢዮ. 42፥7)። በጭንቀትሽ ሰዓት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» በዪ (ማር. 9፥24)። ይህን የተናገረውን አባት ጌታ አላባረረውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

አሁን ወደ አነባበቡ። ደብተር ያዢ። አንድ ምዕራፍ እንደጨረስሽ የጸሐፊውን ክርክር፣ እርሱ ራሱ ቢያየው «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» እንዲል አድርገሽ በሦስት ወይም በአራት መስመር ጻፊ። ይህን ካልቻልሽ ገና አልገባሽም፤ ለመልሱ አትቸኩዪ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬልሶስ የተባለ ፈላስፋ ክርስትናን አጥብቆ የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናውቀው አርጌንስ የተባለ የጥንት ክርስቲያን መምህር በ8 መጻሕፍት መልስ ሲሰጥ ቃሉን እየጠቀሰ ስላስቀመጠልን ነው። (አርጌንስ በሌሎች ትምህርቶቹ እንደ ተወገዘ አልዘነጋሁም፤ የተቃዋሚን ቃል ሳያዛቡ ማቅረብን ግን ከዚህ ሥራው እንማራለን።)

ቀጥሎ የጻፍሽውን ለይው። የታሪክ ወይም የሳይንስ መረጃ ከሆነ እውነት መሆኑን አጣሪ። ክርክር ከሆነ የማትቀበይው የትኛውን መነሻ እንደሆነ ለይተሽ አስምሪበት። ፌዝ ከሆነ እለፊው፤ ፌዝ መልስ አይፈልግም። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰ ጥቅስ ሲገጥምሽ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢ። የካህናትን በደል ሲዘረዝሩ እውነት የሆነውን እውነት ነው በዪ፤ ለበደሉ ንስሐ ያስፈልገናል፤ ስለ እግዚአብሔር መኖር ግን የሚወስነው ነገር የለም። አንዳንድ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ዐሥር ክስ ይደረድራል፤ አንዱን ለመክሰስ አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ለመመለስ ግን ዐሥር ገጽ ይጠይቃል። ብዛቱ አያሸብርሽ፤ ከሁሉ የከበደውን አንዱን ምረጪና በእርሱ ላይ ሥሪ።

ስለ ምርጫው፣ ከፈላስፋው ከዴቪድ ሂውም እንድትጀምሪ እመክርሻለሁ። ስለ ተፈጥሯዊ ሃይማኖት የጻፈው ምልልስ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1779 ታተመ። ሦስት ሰዎች ስለሚከራከሩበት ልብ ይይዛል፤ ተቃራኒውም ድምፅ ስለሚሰማበት ለማመዛዘን ይመቻል። ከእርሱ በኋላ የማኪን የ1982 መጽሐፍ በዝግታ አንብቢ፤ ከፕላንቲንጋ መልስ ጋር ጎን ለጎን ቢሆን ይበልጥ ይጠቅምሻል። ከ2004 እስከ 2007 የወጡት የማያምኑት ጸሐፊዎች የሃሪስ፣ የዶኪንስና የሂችንስ መጻሕፍት ቀላልና ስለታም ናቸው፤ ብዙዎች የሚጀምሩትም በእነርሱ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ አቆያቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያፈርሱት በዓለም ካሉት ነገሮች እንደ አንዱ የሚቆጠር ኃያል ፍጡርን ነው፤ እንዲህ ያለውን እኛም አናመልክም።

አንዱን ሳትጨርሺ ሌላ አትጀምሪ። በሐዘን፣ በሕመም ወይም እንቅልፍ ባጣሽበት ሌሊት አታንብቢ፤ በዚያ ሰዓት ድካምሽ ለክርክሩ የሌለውን ክብደት ይሰጠዋል። ያነበብሽውን በማግስቱ ለባልደረቦችሽ መከራከሪያ አታድርጊው። ለማሸነፍ የሚያነብ ሰው የሚያስጨንቀውን ገጽ እየዘለለ ያልፋል። ቅዱስ ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት» ብሎ ነው (1ጴጥ. 3፥15)።

ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንዲመሩሽ። የመጽሐፉን ስም ንገሪያቸው፤ ደብተርሽንም ይዘሽ ሂጂ። ክርክሩን የማያውቁት ከሆነ ወደሚያውቅ መምህር ይልኩሻል፤ በዚህ አትፈሪባቸው። «ለጊዜው አቆዪው» ካሉሽ አቆዪው፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም። ጸሎትሽን እየተውሽ ንባቡን ብቻ የቀጠልሽ እንደሆነ ግን እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፤ በዚያው ሳምንት ሄደሽ ንገሪያቸው።