ኢንተርናል ኮንትሮሉ ሲዘገይ ጠርሙሱን አይታችሁታል?

ጥያቄው የመጣው ፒያሳ አካባቢ ካለ የግል ላቦራቶሪ ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ ፒሲአር ዲኤንኤን በዙር በዙር እያባዛ የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ ሲቲ ምልክቱ የታየበት ዙር ቁጥር ነው፤ ኢንተርናል ኮንትሮል ደግሞ ምርመራው መሥራቱን ለማየት ናሙናው ላይ የሚጨመር የታወቀ ዲኤንኤ ነው። «የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መጠን እንሠራለን። ዲኤንኤውን ከፕላዝማ የሚያወጣልን በማግኔቲክ ቢድ (ዲኤንኤ በሚይዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች) የሚሠራ አውቶማቲክ ማሽን ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ኢንተርናል ኮንትሮሉ 4 እና 5 ሲቲ ይዘገያል። አንዳንድ ናሙና ላይ ጭራሽ አይታይም። በቀጥታ ፒሲአሩ ላይ የምንጨምረው ፖዘቲቭ ኮንትሮል (ፖዘቲቭ መሆኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ግን ደህና ነው። የፒሲአር ኪት ቀየርን፣ ለውጥ የለም።»

ወንድሜ፣ የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። ፖዘቲቭ ኮንትሮላችሁ በማሽኑ አያልፍም። ኢንተርናል ኮንትሮሉ ግን ከናሙናው ጋር ገብቶ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ወይ ዲኤንኤው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ፒሲአሩን የሚያፍን ነገር አብሮ ወጥቷል። ኪት መቀየር ብዙም አይፈይድም።

ሁለቱን ለመለየት ኢንተርናል ኮንትሮሉ ዘግይቶም ቢሆን የታየበትን ናሙና ምረጥ። ከወጣው ዲኤንኤ 5 ማይክሮሊትር ወስደህ ከ45 ማይክሮሊትር የፒሲአር ውሃ ጋር ቀላቅልና ድገመው። 10 እጥፍ ስለቀጠነ ሲቲው 3.3 ገደማ መዘግየት አለበት። ካልዘገየ፣ ወይ ጭራሽ ከቀደመ፣ የሚያፍን ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ቱቦውን ብርሃን ላይ ያዘው። ቡናማ ደለል ካለ ቢድ አምልጧል፤ ማግኔት ላይ አቁመህ የላይኛውን ብቻ ውሰድ። ደለል ከሌለ ያልደረቀ አልኮል ይሆናል። ደሙ በሄፓሪን ቱቦ ተቀድቶ እንደሆነም ጠይቅ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ፒሲአርን ያፍናል። ሲቲው እንደሚጠበቀው ከዘገየ ግን ዲኤንኤው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

እኔ ግን ልቤ የሄደው «ክረምቱ ከገባ ወዲህ» ያልከው ላይ ነው። የሊሲስ ባፈሩን (ቫይረሱን የሚሰብረውን ፈሳሽ) ጠርሙስ አንስተህ ወደ መስኮቱ ያዘውና ታችኛውን ጥግ እይ። እንደ ስኳር ነጭ ነገር ተጋግሯል? እሱ የጓኒዲን ጨው ወይም ሳሙናው ነው። ቫይረሱን የሚያፈነዳውና ዲኤንኤውን ቢዱ ላይ የሚያጣብቀው ይኸው ጨው ነው። ታች ከቀረ ፒፔቱ የሚስበው የሳሳ ባፈር ነው። ኪት ላይ የክፍል ሙቀት ሲባል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ የሐምሌ ሌሊት በሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ማሽን ፈትቻለሁ። ጥፋቱ ወለል ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ነበር።

ጠርሙሱን 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጠውና ጨው እስኪሟሟ ቀስ እያልክ ገልብጠው። አትናጠው፣ አረፋ ይሠራል። ቢዱንም ከመቅዳትህ በፊት ቮርቴክስ አድርገው (በመናጫ መሣሪያው በደንብ ቀላቅለው)፤ ቶሎ ይዘቅጣል።

ባፈሩ ከፈሰሰ በረኪና እንዳታፈስበት! ከጓኒዲን ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጓንት አድርገህ በውሃና በሳሙና ጥረገው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቫይረሱም ኢንተርናል ኮንትሮሉም ያልታየበት ናሙና ኔጌቲቭ አይደለም፤ ያልተሠራ ምርመራ ነው። እንዲህ ሆኖ የወጣ ውጤት ካለ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውል፤ የቀረ ፕላዝማ ካለም ከፍሪዘር አውጥተህ ድገመው።