የዶሮና የፍየል ደም በሰው ማሽን ሲቆጠር

ሰላም የሰንዳፋው ወንድማችን። የዶሮህ ነጭ የደም ሴል ከ200,000 በላይ፣ የፍየልህ ቀይ ሴል ደግሞ ከልክ በታች፣ ፕሌትሌቷ (ደም የሚያረጋው ሴል) ከልክ በላይ ወጥቶ «የደም ካንሰር ይሆን? ለፍየሏስ ብረት ላስወጋ?» ብለህ ጠይቀሃል። ናሙናው የተቆጠረው በሰው ክሊኒክ ከሆነ በዚያ ወረቀት ብቻ ምንም አትወስን።

የአጥቢ እንስሳት መቅኔ ቀይ ሴልን ወደ ደም የሚለቀው ኑክሊየሱን (የሴሉን አስኳል) አውጥቶ ከጣለ በኋላ ነው። ዶሮ ላይ ግን ቀዩ ሴል ከነኑክሊየሱ ይወጣል፤ በፕሌትሌት ፋንታ ያለው ትሮምቦሳይትም እንዲሁ ኑክሊየስ አለው። ማሽኑ ነጭ ሴል ሲቆጥር ቀዮቹን በኬሚካል ያፈነዳና የተረፈውን ሁሉ «ነጭ» ብሎ ይመዘግባል። የዶሮዋ ኑክሊየስ ስለማይሟሟ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፤ ፈሳሹንም ስለሚያደፈርሰው ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ቀይ ቀለም) ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበባል።

የፍየሏ ችግር ሌላ ነው። የሰው ቀይ ሴል መጠኑ ከ80–100 ፌምቶሊትር (የሴል መጠን የሚለካበት እጅግ ትንሽ መለኪያ) ሲሆን የፍየል ከ16–25 ብቻ ነው። ለሰው የተስተካከለ ማሽን እንዲህ ያለውን ትንሽ ሴል ፕሌትሌት ያደርገዋል፣ አለዚያም ይዘለዋል። ሄሞግሎቢኗ የሚለካው በቀለም ስለሆነ ከወረቀቱ የሚታመነው እሱ ነው፤ ጤነኛዋ ከ8–12 ግራም በዴሲሊትር አላት።

እንግዲህ በእጅ አስቆጥር። ከዶሮዋ ክንፍ ሥር 1 ሚሊ ሊትር ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ የሄፓሪን ቱቦ (አረንጓዴ ክዳን) ይቀዳ፤ ስላይዱ ግን ከመርፌው በቀጥታ ወዲያው ይሠራ፣ ሄፓሪን ቀለሙን ያበላሻልና። ቆጠራው በናት-ሄሪክ ፈሳሽ (የወፍ ደም ሴሎችን የሚያቀልም ማቅጠኛ) 1 ለ200 ተቀጥኖ በኒውባወር ቻምበር (በማይክሮስኮፕ ሴል የሚቆጠርበት ባለመስመር መስታወት) ነው። ለፍየሏ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ቱቦ፣ ኢዲቲኤ (ሐምራዊ ክዳን) ይበቃል፤ ቱቦው ግማሽ ላይ ከቀረ ሴሎቹ ይኮማተሩና ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሴል ከደሙ የሚይዘው መቶኛ) ዝቅ ይላል። ትንንሾቹ ሴሎች ቶሎ ስለማይዘቅጡ ሄማቶክሪቱን ሲያሽከረክሩት ከተለመደው 5 ደቂቃ ይልቅ 10 ያድርጉት። ለፍየል ከ22–38፣ ለዶሮ ከ22–35 በመቶ ደህና ነው። ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከመሄድህ በፊት ይቀበሉ እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ።

ስለ ብረቱ። ደም ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ መቅኔን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔውም ሥራውን ያፋጥናል፤ አዲሶቹ ሴሎች ደም ውስጥ የሚታዩት ግን ከ3–4 ቀን በኋላ ነው። መርፌ በተወጋ ማግስት መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። የዶሮ ቀይ ሴል ዕድሜው ከ28–35 ቀን ስለሆነ መቅኔዋ ሥራ ቢያቆም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትነጣለች። የፍየል ግን ወራት ይቆያል፤ በጥቂት ቀናት የነጣች ፍየል ደሟ እየፈሰሰ ወይም እየፈረሰ ነው እንጂ መቅኔዋን ለመጠርጠር አልቸኩልም። ከክረምት ግጦሽ በኋላ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሄሞንከስ የተባለው ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ነው። አንዱ ትል በቀን እስከ 0.05 ሚሊ ሊትር ደም ይመጥጣል፤ 1,000 ትል ማለት 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ የ25 ኪሎ ፍየል ጠቅላላ ደም ደግሞ ከ2 ሊትር አይሞላም። ትሉ ሳይወጣ የሚሰጥ ብረት ለትሉ ቀለብ ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠህ እይ፤ በፋማቻ ካርድ (የዓይን ቆብን ቀለም ከ1 ቀይ እስከ 5 ነጭ የሚያወዳድር ካርድ) 4 ወይም 5 ከሆነ የትል መድኃኒቱ አይዘግይ። ከደሙ ጋር ትኩስ በጠጧንም በቀዝቃዛ ዕቃ አድርገህ ውሰድ፣ የትሉን እንቁላል ይቆጥሩልሃል።