ጠይቁን፦ ድምፅ ማፈኛ፣ የተኩስ ጩኸትና ጆሮ

በዚህ ወር ከጎጃም አንባቢዎቻችን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የተኩስ ድምፅን የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። በእረፍት ቀኑ የኢላማ ተኩስ ይለማመዳል፤ ካሊበሩ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) ነጥብ 22 ኢንች የሆነ ጠመንጃና አንድ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ አለው። እዚያ በሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ድምፅ ማፈኛ ሊገዛ አስቧል። እኔ የቶርኖ ባለሙያ ስለሆንኩ «አንተ ብረት ታውቃለህ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ይለኛል። አንዱ ለሁለቱም ያገለግላል? ከምን የተሠራውን ልምከረው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድምዎ በ22ቱ ይጀምር። ለዚህች ትንሽ ጥይት ብቻ የተሠራ ማፈኛ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ረከስ ይላል፣ ሽጉጥ የሚጠይቀውን ተጨማሪ ዕቃም አይፈልግም። አንዱን ለሁለቱም ላውለው ካለ ያለው መንገድ የ9 ሚሊሜትሩን ገዝቶ በ22ቱ ላይ ማሰር ነው። ተቃራኒው ፈጽሞ አይሞከርም። የ22ቱ አረር ውፍረት 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱ በተበሳ ቀዳዳ የ9 ሚሊሜትር አረር ስለማያልፍ ማፈኛው ፈንድቶ ተኳሹንም አጠገቡ የቆመውንም ይጎዳል። የ9 ሚሊሜትሩ በ22ቱ ላይ ሲውል ቀዳዳው ስለሚሰፋ ድምፁ ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ተፈትቶ የማይጸዳ ከሆነ ግን ለ22 ጨርሶ አይሁን።

ትልቁ የምርጫ መለኪያ ይኸው መፈታቱ ነው። የ22 ጥይት አረር አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የሌለው እርሳስ ነው፤ ቢሸፈንም ስስ የመዳብ ቅብ ነው። ከባሩዱ ጥቀርሻ ጋር ተደባልቆ በማፈኛው ውስጥ በተደረደሩት ሾጣጣ ባፍሎች (ጋዙን የሚያበርዱ፣ መሐላቸው የተበሳ ክፍልፋዮች) ላይ ይጋገራል። ሳይጸዳ ከቆየ ባፍሎቹ ከቱቦው ጋር ይጣበቁና በመዶሻም አይወጡም። ስለዚህ ዕቃው አዲስ ሳለ በሚዛን ይመዝነውና ግራሙን ይጻፈው፤ ክብደቱ ሲጨምር ቆሻሻው እየተጠራቀመ መሆኑን ያውቃል። በየ300 እስከ 500 ጥይቱ ፈትቶ ማጽዳት ይበቃል። ሲፈታ ባፍሎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ይደርድራቸው፤ አንዷ ተገልብጣ ከገባች አረሩ ሊመታት ይችላል።

ከብረቶቹ፣ ለባፍሎቹ አይዝጌ ብረትን እንመርጣለን። ጠንክሮ ቢፋቅ ይችላል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ የማጽጃ ፈሳሽ ስለሚበላው በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው የሚጸዳው። ታይታኒየም ቀላልም ጠንካራም ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ለ22 ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ቱቦው አሉሚኒየም፣ ባፍሎቹ አይዝጌ የሆኑበት ዓይነት ለጀማሪ በቂ ነው። አንዳንዶች እርሳሱን ለማሟሟት አቼቶና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለው ይዘፈዝፉበታል። ይህን እንዳያደርግ አጥብቀው ይንገሩት፤ የሚወጣው ሌድ አሲቴት የሚባል መርዝ ነው፣ በውኃ ይሟሟል፣ በቆዳም ይገባል። ጓንት ያድርግ፣ በማጀት ዕቃ አይጠቀም፣ ሕፃናት ባሉበት አያጽዳ።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ የ22ም የ9 ሚሊሜትርም አፈሙዝ የተለመደው ጥርስ ግማሽ ኢንች ሆኖ በኢንች 28 ጥርስ ነው። አውሮፓ ሠራሽ ሽጉጦች ዘንድ 13.5 ሚሊሜትር በ1 ሚሊሜትር፣ ያውም ወደ ግራ የሚዞር ጥርስ ይገኛል። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት የራሱን መሣሪያ ይለካ። ጥርሱ ብቻ አይበቃም፤ ከጥርሱ ግርጌ ማፈኛው የሚያርፍበት ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር በትክክል ዘጠና ዲግሪ የሆነ ትከሻ ሊኖር ይገባል። ለምን እንደሆነ ለእርስዎ በቁጥር ማስረዳት ይቀላል። 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ማፈኛ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘምም ጫፉ ላይ 2.6 ሚሊሜትር ይስታል። በአረሩና በባፍሉ ቀዳዳ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በየጎኑ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። አረሩ ባፍሉን ሳይመታ አይወጣም ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ከታየ በኋላ፣ ለካሊበሩ የተሠራ ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ በአፈሙዙ ይገባና በማፈኛው ጫፍ መሐል ለመሐል መውጣቱ ይታያል። ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ካደላ አይተኮስም። ተኩስ ማፈኛውን እያላላ ስለሚሄድ፣ የጥይት ካርታ በተለወጠ ቁጥር መሣሪያው ባዶ ሆኖ በእጅ ይጠበቅ። መጋሉንም አይርሳ።

የሽጉጡ ነገር ሌላ ነው። የአብዛኞቹ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦች አፈሙዝ በተኮሱ ቁጥር ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኋላው ዝቅ ይላል። ጫፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠል ይህ እንቅስቃሴ ይታፈንና ቀለህ መትፋት ያቅተዋል፣ ወይም ቀጣዩን ጥይት አያጎርስም። ስለዚህ የሽጉጥ ማፈኛ ፒስተንና ሞላ ያለው ቡስተር ይኖረዋል፤ በተኩሱ ቅጽበት የማፈኛውን ክብደት ከአፈሙዙ ይለያል። ጥርሱ የሚገጥመው ፒስተኑ ላይ ስለሆነ ሲገዛ የሽጉጡን ጥርስ መናገር አለበት። ፒስተኑ ጥቂት ግራሶ ይፈልጋል። ያው ማፈኛ አፈሙዙ በማይንቀሳቀሰው በ22ቱ ጠመንጃ ላይ ሲታሰር ሞላው ወጥቶ በምትኩ ድፍን ቀለበት ይገባል፤ ካልሆነ ማፈኛው ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ራሱን ይጎዳል። በተጨማሪም የሽጉጥ ማፈኛ ወፈር ስለሚል ማነጣጠሪያውን ይጋርዳል፤ ረዘም ያለ ማነጣጠሪያ ማስገጠም ሊያስፈልገው ነው።

በወረቀቱ በኩል፣ አሜሪካ ውስጥ ማፈኛ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የፌዴራል ሕግ ይመዘገባል። የ200 ዶላሩ ግብር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ቀርቷል፤ ማመልከቻው፣ የጣት አሻራው፣ ፎቶውና ፈቃድ መጠበቁ ግን እንዳሉ ናቸው። ሚኒሶታ ማፈኛን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። «እዚሁ በቶርኖ ሠርተን እንላክለት» የሚል ሐሳብ ቢነሳ አይቀበሉት፤ በዚያም በዚህም ወንጀል ነው። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መሥራት፣ ማስገባትና መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ወንድምዎም ለእረፍት ሲመጣ ዕቃውን እዚያው ትቶት ይምጣ።

ጥያቄ፦ በፊልም እንደምናየው ማፈኛ የተገጠመለት መሣሪያ እውነት ድምፁ አይሰማም? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ይሰማል። የተኩስ ድምፅ ሦስት ምንጭ አለው፦ ከአፈሙዝ የሚፈነዳው ጋዝ፣ አየሩን ሰንጥቆ የሚሄደው አረርና የመሣሪያው የራሱ ብረት ለብረት መጋጨት። ማፈኛ የሚያበርደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነጥብ 22 ጠመንጃ ያለ ማፈኛ 140 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ገደማ ይጮኻል፤ ጥሩ ማፈኛ ሲገጠምለት ወደ 115 እና 120 መካከል ይወርዳል። የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ከ160 አካባቢ ወደ 130 አካባቢ ነው የሚወርደው፤ ያ አሁንም ብርቱ ጩኸት ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ከቀጣዮቹ ከፍ ትላለች፤ በማፈኛው ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅን ስላለው ያልነደደው ጋዝ እዚያው ይቀጣጠላል።

የሁለተኛው ምንጭ ቁልፉ የአረሩ ፍጥነት ነው። አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ከሄደ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፣ ለዚህ ማፈኛ መፍትሔ የለውም። የድምፅ ፍጥነት የሚለዋወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም፦ አየሩ 10 ዲግሪ በሆነበት የደጋ ማለዳ በሴኮንድ 337 ሜትር ገደማ፣ 35 ዲግሪ በሚደርስበት የዓባይ በረሃ ቆላ 352 ገደማ ነው። ከጠመንጃ የሚወጣ መደበኛ የ22 ጥይት 326 አካባቢ ስለሆነ ከሁለቱም በታች ነው፤ ፈጣኑ ዓይነት 380 ስለሚደርስ በሁለቱም ቦታ ይጮኻል። ለ9 ሚሊሜትር ደግሞ 9.5 ግራም የሚመዝነው ከባዱ አረር 300 ገደማ ስለሚሄድ ከማፈኛ ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በጉብዝናቸው በየሠርጉና በየጥምቀቱ ሲተኩሱ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ግራ ጆሮአቸው አይሰማም፣ ሌሊት ጭው ይልባቸዋል። መድኃኒት አለው? ልጆቻችንስ? (ከቢቸና)

መልስ፦ ግራው መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ቀኝ ትከሻው ላይ ሰደፍ የሚያሳርፍ ሰው ራሱን ወደ ቀኝ ስለሚያዞር ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይቀርባል፤ ቀኙ በጭንቅላቱ ጥላ ይከለላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ረቂቅ የፀጉር ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። ስለዚህ የአባትዎን ጆሮ የሚመልስ ጠብታ የለም፤ ማዳመጫ መሣሪያ ግን ሊረዳቸው ይችላልና በሆስፒታል ይመርመሩ። ዘይትም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ አያንጠባጥቡባቸው፤ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ያመረቅዛል።

ለልጆቹ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። የጠመንጃ ጩኸት ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንዲት ተኩስ ብቻዋን ጆሮ ልትጎዳ ትችላለች። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ጩኸቱ በገላጣ ቦታ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ግድግዳና ጣሪያ ባለበት ግን ድምፁ ስለሚመላለስ ርቀቱ ያን ያህል አያድንም። ሕፃን ያዘለች እናት ተኳሽ አጠገብ አትቁም። ጥጥ መወተፍ ከንቱ ነው። በሥራ ምክንያት የሚተኩስ የጥበቃ ሠራተኛ የስፖንጅ መድፈኛ ይጠቀም፦ በጣቶቹ አጥብቆ ያቅጥነው፣ በሌላው እጁ በራሱ ላይ አልፎ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳብ፣ ያስገባውና እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ያህል በጣቱ ይያዘው። በላዩ የጆሮ መሸፈኛ ቢደርብ ይበልጥ ይሻላል።

ወደ ሰማይ የሚተኮሰው የደስታ ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም፤ ሰውም ይገድላል። በደስታ ቀን እልልታና ከበሮ ይበቃል እንላለን። ከተኩስ በኋላ የጆሮ ጩኸቱ ወይም መደፈኑ አንድ ቀን ካለፈ፣ በተለይ መስማት በድንገት ከቀነሰ፣ በማግስቱ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ለድንገተኛ የመስማት መቀነስ የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።