ሕመሙ ሳይነሣ መድረስ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ በቤት ውስጥ

ጥያቄ፦ እናታችን 61 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ዓመት አልፏል፤ በሽታው ስለተስፋፋ ማዳን እንደማይቻል ሐኪሞቹ ነግረውናል። ሕመሙ ከእምብርቷ በታች ይጀምርና ግራ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያቃጥላታል። ሲያማት ትራማዶል 50 ሚሊ ግራም እንሰጣታለን። ሲብስባት ሰፈር ያለው ክሊኒክ ዳይክሎፌናክ ይወጋታል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቀለል ይላትና ይመለሳል። ሌሊት እንቅልፍ የሚባል የለም። ሌላ መላ አለ? — ሰ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አለ። መጀመሪያ ግን «ሲያማት» መስጠቱ ይቅር። የእናትዎ ሕመም ቀኑን ሙሉ አለ። እስኪነሣ ተጠብቆ መድኃኒት ከተሰጠ በቀን አራት አምስት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ ጫፍ የደረሰን ሕመም ማውረድ ደግሞ ቀድሞ ከመያዝ የበለጠ መድኃኒት ይጠይቃል። ስለዚህ ማስታገሻ የሚሰጠው በሰዓቱ ነው፤ «ዛሬስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ቢሉም ጭምር። ደህና የሆኑት መድኃኒቱ ስለያዘላቸው ነው።

ትራማዶል ጣሪያ አለው፦ በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከባለ 50ው ስምንት ፍሬ አይበልጥም። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ ለሆነ 300 ነው። ከዚያ ቢያልፍ ሕመሙ ብዙም አይቀንስም፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ግን ሊያመጣ ይችላል። የበለጠ የሚያሳስበን ዳይክሎፌናኩ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ሲገፋ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱትን ቱቦዎች ይጫናል፤ ኩላሊትም ማንም ሳያውቅ ይደክማል። ዳይክሎፌናክ የደከመውን ኩላሊት ይብስ ይጎዳዋል። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ሳይታይ መርፌው አይቀጥል። ሆስፒታል ስትሄዱ ፔቲዲን መርፌ ሊሰጣቸው ይችል ይሆናል። እሱም ለየዕለቱ የካንሰር ሕመም አይሆንም፤ ቶሎ ያልቃል፣ ሲደጋገም በሰውነት የሚከማቸው ቅሪትም ያንቀጠቅጣል።

ለእናትዎ ሕመም የሚመጥነው የሚዋጥ ሞርፊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ የካንሰር ሕመም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመክረው ኖሯል። ሐኪሙ በአብዛኛው በ5 ሚሊ ግራም በየአራት ሰዓቱ ይጀምራል፤ በጣም ለደከሙ አረጋውያን 2.5 ይበቃል፤ ኩላሊት ከደከመ ልኩ ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይራራቃል። ትራማዶሉ በዚያው ይቆማል። የሰዓት አቆጣጠራችን ለዚህ ይመቻል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀኑ 8፣ ምሽት 12፣ ከምሽቱ 4። የምሽቱ 4 ሰዓት እጥፍ ይሰጣል (10 ሚሊ ግራም)፤ እሱ እስከ ንጋት ስለሚያቆይ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መቀስቀስ አያስፈልግም። ድምሩ በቀን 30 ሚሊ ግራም ነው።

በመሐል ሕመሙ ከተነሣ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ሳይጠበቅ አንድ ተጨማሪ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ይህ ከመደበኛው አይቀነስም፤ መደበኛው በሰዓቱ ይቀጥላል። ሞርፊን ሥራ የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ገላ ከማጠብዎ ወይም መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መስጠት ብዙ ሥቃይ ያስቀራል። እያንዳንዱን ተጨማሪ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ሐኪሙ ልኩን የሚያስተካክለው በደብተሩ ነውና። ለምሳሌ ትናንት አራት ተጨማሪ ከወሰዱ የቀኑ ድምር 30 ሲደመር 20፣ 50 ሚሊ ግራም ሆኗል። ሐምሳን ለስድስት ሲያካፍሉት ስምንት ገደማ ስለሚመጣ፣ ሐኪሙ በየአራት ሰዓቱ ያለውን ወደ 7.5 ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሳይነግሩት ግን ከቤት አይጨምሩ።

ከፍተኛው ስሕተት የሚሠራው ልኬታው ላይ ነው። ሲሮፑ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል፣ ሌላው 10 ወይም ከዚያ በላይ። «አንድ ማንኪያ» የሚባል መመሪያ አይቀበሉ። ፋርማሲስቱን «ይህ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም አለው? እኔ ስንት ሚሊ ሊትር ልቅዳ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በፕላስተር ጠርሙሱ ላይ ይለጥፉ። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር እንደገና ይጠይቁ። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ መርፌው የወጣለት ስሪንጅ ትክክለኛ ነው። በስሪንጅ ወደ ጉንጫቸው ውስጥ ቀስ ብሎ መጨመር ለመዋጥ ለተቸገሩም ይመቻል።

እግር ላይ የሚያቃጥለው ሕመም የነርቭ ነው፤ ሞርፊን ብቻውን ሙሉ በሙሉ ላይዘው ይችላል። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ሊጨምር ይችላል። አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ሊይዝ ይችላል፤ ውጤቱ ጎልቶ የሚታየውም ከቀናት በኋላ ነውና በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት።

ሆድ ድርቀት ሞርፊን የሚወስድ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገጥመው ነው፤ በጊዜ ብዛትም አይለምድም። ስለዚህ ቢሳኮዲል (ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ማታ) ወይም ሴና ከሞርፊኑ ጋር በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። ብዙ ቤት የሚደረገውን ተልባ እዚህ ላይ አንደግፈውም። ተልባ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ሞርፊን ባዘገየው አንጀት ውስጥ ያለ በቂ ውኃ ከገባ አብጦ ይዘጋል። ሦስት ቀን ሙሉ ካልወጣላቸው ለነርሷ ይደውሉ። ማቅለሽለሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊ ግራም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ብዙ ይተኛሉ፤ ያጡትን እንቅልፍ እያካካሱ ነውና አትደንግጡ።

መደንገጥ ያለባችሁ ሲጠሩ ካልነቁ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ ከስምንት ካነሰ፣ ወይም እጅና እግራቸው እየነጠረ ከዘባረቁ ነው። ያኔ የሚቀጥለውን አትስጡ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው ያለው የደከመ ኩላሊት ወይም የተሳሳተ ልኬታ ነው።

ሞርፊን የሚታዘዘው ለናርኮቲክ በተለየው የማዘዣ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ፋርማሲው ያስቀረዋል፣ በድጋሚ አይሠራም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ፤ ከፋሲካና ከመስቀል በፊት ደግሞ ቀደም ይበሉ። የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፋርማሲ ስለሆነ፣ ከመንገዳችሁ በፊት ስልክ ደውሎ መኖሩን ማረጋገጥ የመኪና ኪራይ ያድናል።

ጥያቄ፦ አባታችን 74 ዓመታቸው ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰሩ አከርካሪያቸው ላይ ደርሷል። ሞርፊን ሲሮፕ ታዞላቸው «ይሄ የመሞቻ መድኃኒት ነው፣ ሱስም ያስይዛል» ብለው ሁለት ቀን ወስደው ተዉት። ጾም ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ጠበልም ጀምረዋል። ታላቅ ወንድሜ ከእሳቸው ጋር ይስማማል። — የ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ አባትዎ ይህን የሚያስቡት የሚያውቋቸው ሰዎች ሞርፊን የተሰጣቸው በመጨረሻዋ ሳምንት ስለሆነ ይመስለናል። ዘግይቶ የመጣ መድኃኒት ከሞት ጋር ስሙ ይነሣል። በትክክለኛ ልክ የተሰጠ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። «አሁን ከጀመርኩት ኋላ ሲብስ ምን ይቀረኛል?» ካሉም፣ እንደ ትራማዶል ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ቢጨምር ልኩም ይጨምራል። ሱስን በተመለከተ፣ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል በሰዓቱ በሚወሰድ ሞርፊን ያ የሚያጋጥመው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ግን እውነት ነው። ሳምንታት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሕመሙም ይነሣበታል። ስለዚህ ሲቀነስ ቀስ እየተባለ ነው።

ስለ ጾሙ፣ ልጆች ቢያስረዱ ብዙም አይሰማም። የንስሐ አባታቸውን አስቀድማችሁ አግኟቸው፤ ሁኔታውን ከነሰዓቱ ንገሯቸውና ቤት መጥተው እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስገድድም። አባትዎ ይህም ሆኖ እምቢ ካሉ፣ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ሞርፊን ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ከጾማቸው ጋር እንዴት እንደሚያስማሙትም አብረው ይነጋገሩ። ይህ ዓይነት እንክብል በፍጹም አይፈጭም፣ አይሰበርም፤ ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለወንድምዎ ይህን ቢያነሡለት ይጠቅማል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ጠበል በብዛት ጠጥተው ወዲያው ካስታወኩ መድኃኒቱም አብሮ ስለሚወጣ፣ ከወሰዱ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ደግሞም ካንሰር የገባበት አከርካሪ በትንሽ መንሸራተት ይሰበራል፤ በተጨናነቀው መጠመቂያ ብቻቸውን አይግቡ፣ ተቀምጠው ይፍሰስላቸው።

የአጥንት ሕመም ከሞርፊን ሌላ ጥሩ መድኃኒት አለው፦ ጨረር። ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው) ይበቃል። ዕፎይታው በሳምንታት ውስጥ ስለሚመጣና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊያብስም ስለሚችል ሞርፊኑ አይቋረጥም። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን የመሰሉ ማዕከላት ስለተጨመሩ ሐኪሙ ወረፋው የቀለለበትን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ይህን ደግሞ ቤት ያሉት ሁሉ ይወቁት። የጀርባው ሕመም በድንገት ከባሰ ወይም ሲያስሉ እንደ መቀነት ወገባቸውን ከዞረ፣ እግራቸው ከከዳቸው፣ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጣቸው፣ ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰራቸውን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። «ነገ እንወስዳቸዋለን» አይባልም፤ ዴክሳሜታሶን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒትና ጨረር በዚያው ቀን መጀመር አለባቸው። እየተራመዱ የደረሱ አብዛኞቹ እየተራመዱ ይቀራሉ፤ እግራቸው ከተያዘ በኋላ የሚመለስላቸው ግን ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ የጡት ካንሰር አለባት፤ የምትወስደው ትራማዶል ብቻ ነው። እዚህ አንዲት ዘመዳችን ከባሏ ሕክምና የተረፈ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፈንታኒል አላት፤ ባለ 25 ማይክሮ ግራም ነው። በሰው ልላክላት? — ማ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

መልስ፦ አይላኩ። ፈንታኒል በአሜሪካም በኢትዮጵያም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው፤ በሌላ ሰው ስም የታዘዘን ይዞ የመጣው መንገደኛ ኤርፖርት ላይ ሊታሰር ይችላል። ከሕጉም በላይ መጠኑ ያስፈራናል። ባለ 25ቱ ልጥፍ በግምት በቀን 60 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ሞርፊን ያህላል። ትራማዶል ብቻ በሚወስድ ሰውነት ላይ ይህ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። መሥራት የሚጀምረው ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ቤተሰብ «አልያዘላትም» ብሎ ሁለተኛ ይለጥፋል፤ ከተላጠ በኋላም ከቆዳው ሥር ለብዙ ሰዓት ወደ ደም መግባቱን አያቆምም። ትኩሳት፣ ፀሐይ ወይም የሙቅ ውኃ ላስቲክ ሲያገኘው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል። ተጠቅመው የጣሉት እንኳ ሕፃን ቢለጥፈው ለመግደል የሚበቃ መድኃኒት ይዟል።

ልጥፉ የሚሠራውን ሞርፊን ሲሮፕ ይሠራላታል፤ እሱን እዚያው ማሳዘዝ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚያይ ድርጅት ነው፤ አንድ ሰው ከነሕክምና ወረቀቷ ሄዶ ያነጋግርልዎት። ከአሜሪካ ሊልኩ የሚችሉት ብዙ ነው፦ ባለ 1፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ሚሊ ሊትር የአፍ ስሪንጅ፣ ሴና፣ ቁስል እንዳይወጣባት የሚደላ ፍራሽ፣ ለክሬቲኒን ምርመራና ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ። ሲደውሉም «እንዴት ናት?» ካሏቸው «ደህና ናት» ነው የሚሏችሁ። ይልቅ ትናንት ስንት ተጨማሪ እንደወሰደች፣ ሌሊት ለስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ሆዷ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወጣላት ይጠይቁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ለስንት ቀን እንደቀረም አይርሱ።