ለሐረሩ ወንድማችን፦ ከፕሌየሩ በፊት የዘፋኞቹን ስም አስተካክል

ወንድሜ፣ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ 30 ሺህ ገደማ ዘፈን አለኝ፣ ግማሹ ፍላክ (ድምፁ ሳይቀነስ የታመቀ ፋይል) ግማሹ ኤምፒስሪ (ፋይሉ እንዲያንስ ከድምፁ የተቀነሰለት) ነው፣ ስትሪሚንግም እሰማለሁ ብለሃል። «ሁሉንም የሚይዝ፣ ድምፁን የማያበላሽ ፕሌየር (ዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም) የቱ ነው? ሩንን ልግዛ ወይ?» ነው ጥያቄህ፤ ሩን በክፍያ የሚገኝ ፕሌየር ነው። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ። የአባቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ ክምችቴም ካንተ ብዙ አያንስም።

ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ከሆነ ፉባር2000 ጫን። በፈረንጆቹ 2002 የወጣ ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ እንኳ 30 ሺህ ዘፈን ሳያንገራግር ይከፍታል። መልኩ ደረቅ ነው፤ የአልበም ሽፋን እያየህ መስማት ከወደድክ ሚዩዚክቢ ይሻልሃል፣ እሱም ነጻ ነው።

ስለ ድምፅ ጥራት፦ ፋይሉ አንድ እስከሆነ ድረስ በደህና ፕሌየሮች መካከል ልዩነት ሰምቼ አላውቅም። ጣልቃ የሚገባው ዊንዶውስ ነው። የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ቀላቅሎ ስለሚያወጣ፣ 44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ) የሆነውን የሲዲ ፋይል ወደ 48 ሊለውጥብህ ይችላል። ፉባር ውስጥ ፕሪፈረንስ ገብተህ አውትፑት የሚለውን ክፈት፤ የዳክህን (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ የሚቀይረውን መሣሪያ) ስም «ኤክስክሉሲቭ» ከሚል ቃል ጋር ታገኘዋለህ። እሱን ምረጥ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ መሃል የቴሌግራም ድምፅ እንኳ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የድሬው ልጅ አሊ ቢራ እኔ ኮምፒውተር ላይ አምስት ሰው ሆኖ ነበር፦ አንዱ በ«አ»፣ አንዱ በ«ዓ»፣ አንዱ በ«ዐ»፣ ሁለቱ ደግሞ በላቲን፣ አንዱ በአንድ «አር» ሌላው በሁለት። አንዱን ስፈልግ የሌሎቹ አራቱ ዘፈኖች አይመጡም። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ማህሙድ» ብለህ ብትፈልግ «ማሕሙድ» የተባለውን አታገኘውም። ይህን ነጻውም ሆነ ውዱ ፕሌየር አያስተካክልልህም፤ ቁጭ ብለህ የምትሠራው አንተ ነህ። ኤምፒስሪታግ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የአንዱን ዘፋኝ ፋይሎች በሙሉ መርጠህ ስሙን አንዴ ጽፈህ ሴቭ ታደርጋለህ። ሴቲንጉ ላይ አይዲስሪ (ስሙ ኤምፒስሪ ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት ዘዴ) ቨርዥን 2.3 ከዩቲኤፍ-16 (የእኛንም ፊደል ከሚይዘው አጻጻፍ) ጋር ምረጥ። አሮጌው ቨርዥን 1 የእኛን ፊደል አይዝም፣ ርዕሱንም 30 ፊደል ላይ ይቆርጠዋል፤ የመኪና ማጫወቻ ስክሪን ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ የምታየው ብዙ ጊዜ በሱ ምክንያት ነው።

ታግ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የዘፋኝና የዘፈን ስም) በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም ግን አደራህን ዝም ብለህ አትልቀቀው። እኔ አንዱን ማታ ከፍቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ በአማርኛ የጻፍኳቸው ከ400 በላይ ርዕሶች በላቲን ተተክተዋል፣ የሶማሊኛ ካሴቶቼ የሱዳን አልበም ስም ተለጥፎባቸዋል። ኮፒ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከካሴቶቹ ሽፋን ላይ እያነበብኩ እንደገና ጻፍኳቸው።

የካሴት ግልባጭ ከሲዲ ቀጥሎ ሲመጣ ድምፁ ያንሳል። ፉባር ላይ የዘፈኖቹን የድምፅ ከፍታ የሚያመጣጥነውን ሪፕሌይጌይን አሠራው፤ መጠኑን ታጉ ላይ ይጽፋል እንጂ ድምፁን አይነካም።

ሩን ጥሩ ፕሮግራም ነው። የስትሪሚንግ አገልግሎቶቹን ታይዳልንና ቆቡዝን ከራስህ ፋይሎች ጋር ባንድ ገጽ ያሳይሃል። ግን ክፍያው በዶላር ነው፣ ሰርቨር የሚሆን ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ታጉ የተዘበራረቀ ክምችት ላይ ደግሞ ገንዘብህን ያህል አያገለግልህም። እኔ ስትሪሚንጉን ለብቻው በራሱ አፕ እሰማለሁ። በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት ስትሰማ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፤ አንድ ጊጋ ጥቅል ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ስታገኝ አውርደህ አስቀምጥ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ፍላክ የድምፁን መለያ ቁጥር ውስጡ ስለሚይዝ የተበላሸውን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ለፉባር የፋይልን ደህንነት የሚመረምር ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፣ እኔ በየሦስት ወሩ አስኬደዋለሁ። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግን የግድ ነው፤ ከሩን በፊት እሱን ግዛ።

የእኔን የዘፋኞች ስም ዝርዝር ነገ እዚሁ እለጥፋለሁ። የሐረር ዘፋኞችን አጻጻፍ አንተ ታውቀዋለህ፣ የጎደለውን ጨምርበት።