እሬት ለሆድ ድርቀትና ለጨጓራ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የሆድ ድርቀትና የጨጓራ ሕመም ስላለብኝ ጎረቤቶቼ በግቢያችን የበቀለውን እሬት ጨምቄ በባዶ ሆዴ እንድጠጣ ይመክሩኛል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁና ይጎዳኝ ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የእሬት ቅጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫና እጅግ መራራ ፈሳሽ አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው በኃይል የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ግን ይህ ጠባይ እምብዛም የለውም። በቤት ውስጥ ሲጨመቅ ሁለቱን ፈጽሞ መለየት ያስቸግራል። በዚያ ላይ አገራችን በርካታ የእሬት ዝርያዎች ስላሏት፣ የግቢዎ እሬት ታሽጎ ከሚሸጠው ጭማቂ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ቢጫው ፈሳሽ ድርቀትን ማስለቀቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ሲደጋገምም ፖታሲየም የተባለውን የሰውነት ማዕድን ያሟጥጣል። የሚወስዱት መድኃኒት ሽንት ከሚያበዙት ወገን ከሆነ እሱም ፖታሲየምን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሁለቱ ተደምረው የልብን ምት እስከማዛባት ሊደርሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ የነበሩ ከእሬት የተሠሩ ሆድ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶችን ከገበያ ያስወጣው፣ ለደኅንነታቸው በቂ ማስረጃ ስላልቀረበለት ነበር።

ስለዚህ በእኛ በኩል እንዲጠጡት አንመክርም። የጨጓራ ሕመም ብዙ ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ስለሚመጣ፣ ተመርምረው ከተገኘብዎ በሐኪም የታዘዘልዎትን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ ይኖርብዎታል። ለድርቀቱ ውኃ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ያዘውትሩ፤ ሰገራዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ከጠቆረ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።